ጄምስ ብሩስ፦ በግሽ ዓባይ የዋለ የብርሃን ልኬት

ስኮትላንዳዊው አሳሽ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በኪኔርድ ተወለደ። የዓባይን ምንጭ ለማየት በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጎንደር ደረሰ። ከዚያም ዛሬ መራዊ ከተማ የምትገኝበትን የሜጫን ምድር አቋርጦ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770) ከግልገል ዓባይ መነሻ፣ ከግሽ ዓባይ ደረሰ።

ብሩስ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ኳድራንት፣ ቴሌስኮፕና ሰዓት ይዞ ይጓዝ ነበር። የቦታን ኬንትሮስ ለማወቅ የጁፒተር ጨረቃ የምትጋረድበትን ቅጽበት በአካባቢው ሰዓት መዝግቦ፣ አውሮፓ ውስጥ ከተሰላ ሠንጠረዥ ጋር ያነጻጽር ነበር። የ1 ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ ነው።

ሠንጠረዡ የታመነው የብርሃን ጉዞ ተሰልቶበት ነው። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር በ1676 መሬት ከጁፒተር ስትርቅ ግርዶሹ ዘግይቶ እንደሚታይ አስተውሎ፣ ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድበት አሳየ። የመሬትን ምሕዋር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 22 ደቂቃ እንደሚፈጅበት ገመተ፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን 17 ደቂቃ ያህል ነው። መዘግየቱ ጨርሶ ባይሰላ፣ ግሽ ዓባይ በካርታ ላይ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከቦታዋ ልትርቅ ትችል ነበር።

ብሩስ ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ቢልም፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ነበር። በ1790 ያሳተመውን ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ብዙዎች ተጠራጠሩት፤ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። የጻፈውን አብዛኛውን ነገር በኋላ የመጡ ተጓዦች አረጋግጠውለታል።