የ28 ደቂቃ ሸክላ

ኒክ ድሬክ የሞተው በ26 ዓመቱ ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ ሩቅ አይደሉም። የተወለደው በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አባቱ በሥራ በነበሩባት በበርማ፣ ራንጉን ከተማ ሲሆን፣ ያደገው ግን በእንግሊዝ አገር ታንወርዝ ኢን አርደን በምትባል መንደር ነው። እናቱ ሞሊ ፒያኖ እየመቱ ዘፈን የሚደርሱ ሴት ስለ ነበሩ ዜማ ለቤቱ እንግዳ አልነበረም።

በ1967 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ጀመረ። ሆኖም ለመመረቅ ዘጠኝ ወር ያህል ሲቀረው ትምህርቱን ትቶ ወጣ። አባቱ ዲግሪው ክፉ ቀን ቢመጣ መደገፊያ ይሆንሃል ብለው ቢመክሩት፣ እርሱ የማይፈልገው ይህንኑ መደገፊያ መሆኑን መለሰላቸው። (ይህን ለፈተና ሰሞን ምክንያት የምታደርጉ ወንድሞችና እኅቶች እንዳትኖሩ!)

ሁለት ሸክላ አሳተመ፤ ሁለቱም አልተሸጡም። በሕዝብ ፊት መጫወትም አልሆነለትም። ለየዘፈኑ የጊታሩን ቅኝት ይለውጥ ስለ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ አውታር ሲያጠብቅና ሲያላላ አድማጩ ወሬውን ይቀጥል ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛውን፣ ፒንክ ሙን የተባለውን፣ በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ በሁለት ሌሊት ቀዳው። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያው ጆን ዉድ ብቻ ነው። በፊተኞቹ ሸክላዎች የነበሩት ቫዮሊኖች ሁሉ ቀርተው አንድ ድምፅና አንድ ጊታር ቀሩ፤ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ብቻ ጥቂት ፒያኖ ተጨመረበት። 11 ዘፈን በ28 ደቂቃ ያልቃል።

ሸክላው በየካቲት 1972 ሲወጣ ሐያስያን ተከፋፈሉ። ሳውንድስ በተባለው ጋዜጣ የጻፈው ጄሪ ጊልበርት፣ ያውም ዘፋኙን ቀርቦ ያነጋገረው ሰው፣ ሥራው ጅምር ሆኖ ታየው፤ ይህን ምሥጢረኛነት ትቶ ደኅና ነገር ያሰናዳ ሲል ወቀሰው። የሜሎዲ ሜከር ሐያሲ ግን ዓይን አፋርነቱን አይቶ፣ ደጋግሞ ለሚሰማው እየሳበ የሚሄድ ነው አለ።

በእኔ አስተያየት የጊልበርት ጆሮ አልተሳሳተም፤ ሸክላው በእርግጥ ራቁቱን ነው። የተሳሳተው ፍርዱ ነው። ያልለበሰ ሁሉ ልብስ ያጣ መሰለው። የድሬክ አውራ ጣት የታችኛውን አውታር ሳያዛንፍ ሲመታ፣ ሌሎቹ ጣቶች ላይኛውን ሲለቅሙ፣ ለሌላ መሣሪያ የተረፈ ቦታ የለም። ቢጨመርበት ይደፈን ነበር።

በሕይወቱ ሳለ ከሦስቱ ሸክላዎች አንዱም 5,000 ያህል እንኳ አልተሸጠም ይባላል። በመንፈስ ጭንቀት ታሞ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ እዚያው ኅዳር 25 ቀን 1974 ሞተ።

በ1999 የፎልክስቫገን አውቶሞቢል ፋብሪካ ያንኑ የመጀመሪያውን ዘፈን ለማስታወቂያ ቢያሰማው፣ አሜሪካኖች ሸክላውን ይሻሙት ጀመር። አባቱ በ1988፣ እናቱ በ1993 ስለ ሞቱ ይህን አላዩም።