ሦስት ጊዜ የጠየቁት ኦኔሲሞስ ነሲብ

በየዓመቱ ከጌዶና ከአካባቢዋ የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው ወደ አምቦ፣ ወደ ነቀምትና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ከእነዚህም መካከል የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው፣ ጥቂት ዓመትም አስተምረው ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤት ሠርተው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ይገኛሉ። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ውጤቱ ይነገራል፤ የተቀባዮች ስም ይለጠፋል፤ የእነርሱ ስም ግን የለም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናያለን። አንዱ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ስለ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ወሬ ይለውጣል። ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ማመልከቻ አንድ መስመር እንኳ ሳያሻሽል መልሶ ያስገባል፤ ያንኑም መልስ ያገኛል። እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ ይኖር ይሆን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነን ዘንድ የኦኔሲሞስ ነሲብን ሕይወት ለማቅረብ ወደድን።

እርግጥ ነው፣ እሳቸው የተከለከሉት የዩኒቨርሲቲ በር አልነበረም። የተከለከሉት ወደ ተወለዱበት ወገን ተመልሰው ማስተማር ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጠይቀው ሁለት ጊዜ ከመንገድ የተመለሱ፣ በሦስተኛውም የገቡ ሰው ስለሆኑ፣ በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ምን ይሠሩ እንደነበረ መመልከት ይጠቅመናል። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። ይህ ስም በኦሮምኛ መፍታትን፣ ደግሞም መተርጐምን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ነው፤ የኋላ ሥራቸውን ለሚያውቅ ሰው ስማቸው ቀድሞ የወጣላቸው ይመስላል። አባታቸው የሞቱባቸው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ይዘው ወሰዷቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ከአገራቸው ርቀው፣ በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሱ። በዚያ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣቸውና በስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ትምህርት ቤት እንዲማሩ አደረገ።

በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቁ። የተሰጣቸውም ስም በፊልሞና መልእክት የምናውቀው፣ ባሪያ ከነበረ በኋላ ወንድም ተብሎ ወደ ጌታው የተላከው የአናሲሞስ ስም ነው። በትምህርታቸው ብርቱ ሆነው ስለ ተገኙ ወደ ስዊድን አገር ተልከው በዮሐነሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያህል ተማሩ። በ1881 ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ምጽዋ ሲመለሱ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር። የተማረ ሰው ሆነዋል፤ ኦሮምኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነው፤ ወገናቸውንም ለማስተማር ይፈልጋሉ። በእኛ ቋንቋ እንናገር ብንል ማስረጃቸው የተሟላ ነበር።

ሆኖም በዚያ ዘመን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የሚስዮን ሥራ በአገር ውስጥ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ኦኔሲሞስ ከጓደኞቻቸው ጋር በዚያው በ1881 በሱዳን በኩል ዞረው ወለጋ ለመግባት ተነሡ። ረጅምና በረሃማ መንገድ ነበር። ድካሙና በሽታው ጸናባቸው፤ ኦኔሲሞስም በወባ ንዳድ ታመሙ። በአሶሳ በኩል ካለው ጠረፍ ሳያልፉ ለመመለስ ተገደዱና በሚያዝያ 1882 ካርቱም ገቡ። በሱዳን የመህዲ ጦርነት እየተስፋፋ ስለ ሄደ ያ መንገድ ለብዙ ዓመታት ተዘጋ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ሆነ።

ኦኔሲሞስ በምጽዋ አጠገብ ወደምትገኘው እምኩሉ ተመለሱ። ነገር ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ወደ አገራቸው ገብተው ሊያስተምሩበት ያሰቡትን ነገር በኦሮምኛ መጻፍና መተርጐም ጀመሩ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ የመዝሙር ስብስብ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሙከራ መጣ። በዚህ ጊዜ መንገዱ ተለውጦ በሸዋ በኩል ሆነ። በ1886 እንጦጦ ደረሱ። እንጦጦ ከእኛ ከጌዶ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም። ወለጋ ከፊታቸው ነበረ። ነገር ግን ምኒልክ እንዲመለሱ አዘዙ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ገና ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም፤ በላያቸውም የሚስዮንን ሥራ የከለከሉት ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ኦኔሲሞስም ያንን ሁሉ መንገድ እንደገና ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰው ገና ከሩቅ ሲመለስ አንድ ነው፤ ከደጁ ደርሶ ሲመለስ ግን ሌላ ነው። ለፈተና ሳይቀመጥ የቀረና በአንድ ነጥብ የወደቀ ሰው ኀዘናቸው እኩል አይደለም። ደግሞም ኦኔሲሞስን የመለሳቸው የራሳቸው ችሎታ ማነስ አልነበረም። የአገሩ ፖለቲካ ነበር። እንዲህ ያለ መልስ የሚያገኝ ሰው የሚያርመው ስሕተት ስለማያገኝ ይበልጥ ተስፋ ይቆርጣል። የኦኔሲሞስ ታላቅነት ለእኛ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። በእጃቸው ያልሆነውን ትተው በእጃቸው ያለውን ያዙ።

ከ1886 በኋላ ዋና ሥራቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ሆነ። ሥራውን ሲጀምሩ ግን አንድ ጉድለት ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለሆነ የሚያውቁት ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነበር፤ ለሕግ፣ ለምሥጢር፣ ለሐዘንና ለክብር የሚነገረው የሽማግሎች ቃል አልሞላላቸውም። ልብ በሉ፤ ይህ ጉድለት ከመጀመሪያውም ነበረ፤ በ1881 ግን አልታያቸውም ነበር ይሆናል። የታያቸው ከባድ ሥራ ሲጀምሩ ነው።

ጉድለቱን ብቻቸውን ለመሙላት አልሞከሩም። በእምኩሉ ከባርነት ነጻ የወጡ ሌሎች ኦሮሞች ነበሩ። ከእነርሱም አንዷ አስቴር ገኖ ናት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ይጓዝ ከነበረ የባሪያ ጫኝ መርከብ የኢጣልያ ባሕር ኃይል ነጻ ካወጣቸው ልጆች መካከል ነበረች። አስቴር የቋንቋ ስጦታ ነበራት። የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ሰበሰበች፤ በትርጕሙም ሥራ ረዳች። በ1893 አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ደግሞ ኦኔሲሞስና አስቴር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። በ1899 ኦኔሲሞስ ራሳቸው በስዊዘርላንድ ሆነው ኅትመቱን እየተቈጣጠሩ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በኦሮምኛ በሳንክት ክሪሾና ታተመ።

ስዊዘርላንድን ካነሣን ዘንድ በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ታሪክ እንጨምር። አልበርት አንስታይን በ1895 በ16 ዓመቱ ዙሪክ ወዳለው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ አላለፈም። በሒሳብና በፊዚክስ ብርቱ ነበረ፤ በሌሎቹ ግን ወደቀ። አራው በምትባል ከተማ አንድ ዓመት ተምሮ ጉድለቱን ሞላና በ1896 ገባ። በ1901 ለዶክትሬት ያቀረበውን ጽሑፍ በሚቀጥለው ዓመት ለማውጣት ተገደደ። በበርን ከተማ በፈጠራ ምዝገባ መሥሪያ ቤት እየሠራ ሌላ ጽሑፍ አዘጋጀና በ1905 ተቀባይነት አገኘ። እርሱም ያቀረበው የቀድሞውን ጽሑፍ አልነበረም።

ወደ ኦኔሲሞስ እንመለስ። እሳቸው በትርጕሙ ሥራ ላይ ሳሉ በ1890ዎቹ መጨረሻ ከዚያው ከእምኩሉ ወገን የሆኑት ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ደበላ ቀድመው ወለጋ ገብተው በቦጂ ሥራ ጀመሩ። ጓደኛ ቀድሞ ሲገባ ልብ ይፈተናል። አብሮን የተማረ ሰው ሲያልፍና እኛ ስንቀር ደስታችን ግማሽ የሚሆንበትን ቀን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በዚያ በር ሰው መግባቱ በሩ ሊከፈት የሚችል መሆኑን አሳየ። ቀድሞ የገባ ጓደኛ መንገዱን ሊነግረን የሚችል ሰው ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሡ። ዐፄ ዮሐንስ በ1889 ሞተዋል፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነዋል፤ ዘመኑ ተለውጧል። ይሁን እንጂ የተለወጠው ዘመኑ ብቻ አይደለም። በ1881 የተነሡት የ25 ዓመት ወጣት ይዘውት የነበረው ምኞትና የትምህርት ቤት ማስረጃ ነበር። በ1904 የመጡት ወደ 48 ዓመት የተጠጉ ሰው ግን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የማንበቢያ መጽሐፍና የመዝሙር መጽሐፍ በእጃቸው ነበረ። ባለቤታቸው ሊድያ ዲምቦና አስቴር ገኖም አብረዋቸው ነበሩ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ከተሸጡ 35 ዓመት፣ ከመጀመሪያው ሙከራ 23 ዓመት ሆኖ ነበር።

ታሪኩን እዚህ ብንጨርስ መልካም ይመስላል፤ እውነቱን ግን ማጉደል ይሆንብናል። መግባት የመከራ መጨረሻ አልሆነላቸውም። በ1906 በትምህርታቸው ምክንያት ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና ከአካባቢው እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ብቻ ከለከሏቸው። እንግዲህ በሩ ግማሹ ተከፈተ፣ ግማሹ ተዘጋ። ኦኔሲሞስም በተከፈተው ግማሽ ገቡ። በነቀምት ትምህርት ቤት ልጆችን ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ለመስበክም ፈቃድ ሰጡ፤ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ በ1931፣ በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር በነቀምት ዐረፉ።

ከዚህ ሕይወት እኛ የጌዶ ወጣቶች ምን እንማራለን? ደጋግሞ የጠየቀ ሁሉ ያገኛል ብለን አንናገርም፤ ብዙ ጠይቀው ሳይገቡ የቀሩ ሰዎች አሉ። የምንለው ይህን ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ የሚመዘነው ከመጀመሪያው መልስ በኋላ በተሠራው ሥራ ነው። ኦኔሲሞስ ከ1886 እስከ 1904 ዝም ብለው ቢጠብቁ ኖሮ፣ በሩ ቢከፈት እንኳ ባዶ እጃቸውን በገቡ ነበር። ደግሞም በሩ ጨርሶ ባይከፈትላቸው ኖሮ መጽሐፉ ያለ እሳቸውም ወለጋ በደረሰ ነበር። ሥራው ለመግባት የተሠራ ብቻ አልነበረም፤ በራሱ የሚበጅ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ማመልከቻው የተመለሰበት ወንድም ወይም እኅት አስቀድሞ ምክንያቱን ይለይ። ፈተናው ከሆነ በየትኛው ክፍል እንደ ደከመ ይይ። የጥናት ሐሳቡ ካልጠራ መምህሩን ይጠይቅ። የቦታ ማነስ ወይም የበጀት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ራሱን አይውቀስ፤ ሌላ መንገድ ይፈልግ፤ ኦኔሲሞስ ሱዳን ቢዘጋ በሸዋ እንደ ሞከሩ ማለት ነው። ከዚያም በዓመቱ ውስጥ በእጁ ባለው ነገር የሚታይ ሥራ ይሥራ። መምህር ከሆነ ተማሪዎቹ በምን እንደሚቸገሩ መዝግቦ ይያዝ። የግብርና ባለሙያ ከሆነ በጤፉና በበቆሎው ማሳ ላይ ያየውን በቀን በቀኑ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ ባይገባም ለተማሪዎቹና ለገበሬው ይጠቅማል።

በመጨረሻም፣ ኦኔሲሞስ ጉድለታቸውን የሞሉት ከሌሎች ጋር ሆነው እንደ ነበረ አንርሳ። በመካከላችን የተከለከሉ አሉ፤ ቀድመው የገቡም አሉ። ከእሑድ ትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብረን ተቀምጠን፣ የገባው ላልገባው መንገዱን ቢነግር፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀው የጓደኛውን ማመልከቻ አንብቦ ቢያርም፣ ያፈረውም ወረቀቱን ከሣጥኑ አውጥቶ ቢያሳይ፣ በሚመጣው ዓመት የምናስገባው ማመልከቻ የዘንድሮው አይሆንም። ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገንም።