የበረዶውን ገቢና ወጪ ሊያውቅ የሄደው ሰው

በዚህ ዓመት እትም የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ስሙ አልፍሬድ ቬገነር ይባላል። ጂኦግራፊ የተማረ ሁሉ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም፤ አህጉሮች በጥንት ጊዜ አንድ ላይ ነበሩ፣ ቀስ በቀስ ተለያዩ ያለው እሱ ነው። እኔ ግን የማወራችሁ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ሌላው ሥራው ነው። ቬገነር የሞተው የግሪንላንድን በረዶ ሲያጠና ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬገነር በ1880 በርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሃይማኖት ሰውና አስተማሪ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ስለ ከዋክብት ቢማርም ልቡን የሳበው የአየር ጠባይ ጥናት ነው። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በአየር ፊኛ ተሳፍሮ ከ52 ሰዓት በላይ ሳይወርድ ቆየ፤ ያኔ የዓለም ሪከርድ ነበር። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ የጥናት ቡድን ጋር ወደ ግሪንላንድ ሄደ። የቡድኑ መሪና ሁለት ባልደረቦቹ እዚያው በረዶ ላይ ሞተው ቀሩ። ቬገነር ይህን አይቶም በ1912 ተመለሰ። ከዴንማርካዊው ኮክና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በፈረስ ሆነው ደሴቲቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋረጡ። ፈረሶቹም ስንቁም አልቀው ሊሞቱ ሲሉ በጀልባ የሚያልፍ ቄስ አገኛቸውና ተረፉ።

እዚያ ያለው በረዶ ምን ዓይነት ነው? ወላጆቻችን በሰሜን ተራሮች ከሚያውቁት አመዳይ፣ እኛም ሄርሞን ላይ ከምናየው የተለየ ነው። እነዚህ መጥተው ይቀልጣሉ። የግሪንላንድ በረዶ ግን ሳይቀልጥ ሌላ ይወርድበታል። በብዙ ሺህ ዓመት ሲደራረብ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨምቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሀሉ ላይ ውፍረቱ ከ3 ኪሎሜትር ያልፋል። ድንጋይ ቢመስልም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በራሱ ክብደት ከመሀል ወደ ዳር በጣም በዝግታ ይፈስሳል።

ነገሩን እንደ ጎተራ አስቡት። ገቢው በየዓመቱ ከሰማይ የሚወርደው ነው። ወጪው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በበጋ ከላዩ ቀልጦ ውሃ ሆኖ ይሄዳል፤ ይሄ የሚብሰው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ባሕር የደረሰው የበረዶ ጫፍ እየተገመሰ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉት የበረዶ ተራሮች የሚመጡት ከዚያ ነው። ገቢና ወጪ እኩል ከሆኑ ጎተራው እንዳለ ይቆያል፤ ወጪው ከበለጠ ይጎድላል። ችግሩ በቬገነር ጊዜ የዚህን ጎተራ ልክ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በረዶው ምን ያህል ይወፍራል? በዓመት ስንት ይጨመርበታል? ክረምቱን ሙሉ መሀሉ ላይ ተቀምጦ የለካ ማንም የለም።

በ1930 ቬገነር ይህን ለማወቅ ትልቅ ቡድን ይዞ ሄደ። ያኔ ኦስትሪያ ውስጥ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ነበር። ዋናው ጣቢያ ከምዕራብ ጠረፍ 400 ኪሎሜትር ገደማ ገባ ብሎ፣ ከባሕር በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተተከለው ነው። ስሙንም አይስሚተ አሉት፤ የበረዶው መሀል ማለት ነው። ሥራው ግን ከመጀመሪያው ተሰናከለ። የባሕሩ በረዶ መንገድ ዘግቶ ከአንድ ወር በላይ አስቆማቸው። ጭነት ያደርሳሉ የተባሉት የሞተር መንሸራተቻዎችም አልሠሩም። አይስሚተ የነበሩት ጌኦርጊና ዞርገ ምግብና ነዳጅ እንደሚያንሳቸው፣ እስከ ጥቅምት 20 እርዳታ ካልመጣ በእግራቸው እንደሚነሱ መልእክት ላኩ። በዚያ ብርድ በእግር መነሳት ማለት ሞት ነው።

ቬገነር ሌላ ሰው አልላከም፤ ራሱ ተነሳ። በመስከረም ወር ከፍሪትስ ሎቨና ከ13 የግሪንላንድ ተወላጆች ጋር በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ጉዞ ጀመረ። ብርዱ ሲጠና ከአንዱ በስተቀር ተወላጆቹ ሁሉ ተመለሱ፤ አገሩን ስለሚያውቁት አይፈረድባቸውም። አብሮ የቀጠለው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ራስሙስ ቪሉምሰን ብቻ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ አለፈ። ጭነቱን መንገድ ላይ እየጣሉ፣ በ40ኛው ቀን፣ ጥቅምት 30 ደረሱ።

ሲደርሱ ሁለቱ ሰዎች በረዶውን ቆፍረው ቤት ሠርተው፣ ባለው ስንቅ ተቆጥበው ለመክረም ወስነው አገኟቸው። የሎቨ እግር ጣቶች በብርድ ሞተው ስለነበር ጌኦርጊ ያለ ማደንዘዣ በኪስ ቢላዋ ቆረጠለት። ሎቨ መንቀሳቀስ አይችልም፣ ስንቁ ደግሞ ለአምስት ሰው አይበቃም። ስለዚህ ኅዳር 1፣ ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ቀን፣ እሱና ራስሙስ ወደ ምዕራብ ተመለሱ። ሁለቱም አልደረሱም።

በግንቦት 1931 የቬገነር አስከሬን ግማሽ መንገድ ላይ ተገኘ። ቦታውን እንዲለዩት የበረዶ መንሸራተቻ እንጨቶቹ ቀጥ ብለው ተተክለው ነበር። በጥንቃቄ ጠቅልሎ የቀበረው ራስሙስ ነው። ያ ልጅ በዚያ ጨለማና ብርድ ብቻውን ሆኖ፣ ለራሱ ከመሮጡ በፊት ጓደኛውን በክብር ቀበረ። የራሱ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አይስሚተ የቀሩት ሦስቱ ግን ክረምቱን አለፉ። ዞርገ 15 ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍሮ፣ የየዓመቱን በረዶ ደረጃ በደረጃ ለካ። ፈንጂ አፈንድተው ድምፁ ከሥር ካለው አለት እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ በመለካትም በረዶው ከ2 ኪሎሜትር በላይ እንደሚወፍር አወቁ። ሎቨ የአይሁድ ዘር ስለነበረ ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ከሥራው ተባረረ። ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያም ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። እዚያ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ትምህርት ክፍል አቋቋመ። ጣቶቹን በረዶ የወሰደበት ሰው ቆይቶ አንታርክቲካ ድረስ ሄዶ ስለ በረዶ ማጥናቱን ቀጠለ።

ዛሬ ጎተራውን የሚመዝኑት ሳተላይቶች ናቸው። እነሱ እንደሚያሳዩት ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግሪንላንድ በአማካይ በዓመት 270 ቢሊዮን ቶን ገደማ በረዶ አጥታለች። አየሩ ስለሞቀ ላይ ላዩ የሚቀልጠው በዝቷል፤ ብዙ የበረዶ ወንዞችም ወደ ባሕር የሚፈስሱበት ፍጥነት ጨምሯል። ሁሉም ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይሄ በአንድ ትውልድ የሚሆን አይደለም፤ ግን ባሕሩ ከአሁኑ እየጨመረ ነው። እኛም ብዙዎቻችን ከነታንያ እስከ አሽቀሎን ባሕር ዳር ነው የምንኖረው።

የአህጉሮቹን ሐሳብ ብዙ ሊቃውንት ቬገነር በሕይወት እያለ አልተቀበሉትም ነበር። የተቀበሉት በ1960ዎቹ ነው፤ እሱ አላየውም። አስከሬኑ ዛሬም በረዶው ውስጥ ነው፤ ከበረዶው ጋር በዝግታ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። መጻሕፍት የቬገነርን ስም ይጠሩና ብዙ ጊዜ የራስሙስን ያልፉታል። እኛ ታሪኩን ለልጆቻችንና ለታናናሾቻችን ስናወራ ሁለቱንም ስም አብረን እንጥራ።