ሮበርት ኬኔዲና የማድ ቤቱ መተላለፊያ

ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ የሞቱት ጠባቂ አጥተው ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲህ ባጭሩ የሚያልቅ አይደለም።

ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ፤ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ናቸው። ሕግ ተማሩ። ታላቅ ወንድማቸው ጆን በ1961 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እሳቸው የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። በ1963 ጆን ኬኔዲ ዳላስ ከተማ ውስጥ በክፍት መኪና ሲሄዱ ተገደሉ። ሮበርት በዓመቱ ለሴናተርነት ተመረጡ፤ በማርች 1968 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ተነሡ።

እንግዲህ ወንድሙን በጥይት የተነጠቀ ሰው ይጠነቀቃል ትሉ ይሆናል። የት! በክፍት መኪና ላይ ቆመው ሕዝቡ መሐል ይገባሉ፤ ሰዉ እጃቸውን ሲጎትት የእጅጌ ቁልፋቸውና ጫማቸው ሳይቀር ይወሰድ ነበር። ቢል ባሪ የሚባለው የግል ጠባቂያቸው ወገባቸውን አቅፎ ይይዛቸዋል። የፖሊስ አጀብ ከሕዝብ የሚለያቸው ስለሚመስላቸው አይወዱትም። የመንግሥቱ ልዩ ጠባቂ ክፍልም በጊዜው ሕግ ፕሬዚዳንቱን እንጂ እጩዎችን አይጠብቅም ነበር።

ጁን 4 ቀን 1968 ኬኔዲ በካሊፎርኒያ አሸነፉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በሎስ አንጀለሱ አምባሳደር ሆቴል ለደጋፊዎቻቸው ተናግረው ጨረሱ። ጋዜጠኞች ስለሚጠብቋቸው መንገዱ በመጨረሻው ሰዓት ተለወጠና በአቋራጭ፣ በማድ ቤቱ በኩል እንዲሄዱ ተደረገ። ባሪ ባለቤታቸውን ከመድረኩ ሊያወርድ ወደ ኋላ ቀረ። የሆቴሉ አስተናጋጆች ኃላፊ እጃቸውን ይዞ እየመራቸው ቀደሙ። ሆቴሉ የቀጠራቸው ዘበኞች ነበሩ፤ ዳሩ ግን በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ማን እንደቆመ ያጣራ የለም። ኬኔዲ ቆም እያሉ የማድ ቤቱን ሠራተኞች ይጨብጣሉ። ሲርሃን ሲርሃን የተባለው ሰው የያዘውን ትንሽ ሽጉጥ ስምንቱም ጥይት እስኪያልቅ ተኮሰ። ሌሎች አምስት ሰዎችም ቆሰሉ።

ገዳዩን ተረባርበው ከያዙት አንዱ ራፈር ጆንሰን ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ የዴካትሎን ባለ ድል። እንዲህ ያለ ጉልበተኛ በአጠገብ እያለ ጥይቱ ቀደመ። ኬኔዲ ጁን 6 ቀን በ42 ዓመታቸው አረፉ።

በትምህርት ቤት በዓል የክብር እንግዳ ተቀብለን የምናውቅ ይህ አይጠፋንም። ስለ መድረኩና ስለ አበባው ሳምንት ሙሉ እንጨቃጨቃለን፤ እንግዳው በየት በኩል እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን የለም።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን ወዲያው ለእጩዎች ሁሉ ጠባቂ አዘዙ፤ ኮንግረሱም ሕጉን በዚያው ሳምንት አወጣ። ሆኖም ጠባቂ መመደብ ብቻውን አልበቃም። በ1972 እጩው ጆርጅ ዋላስ ጠባቂዎቻቸው እያሉ፣ ጥይት ከማይበሳው አትሮንስ ኋላ ወጥተው ሕዝብ ሲጨብጡ ተመቱ፤ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ቀሩ።

በ2024 የሟቹ ልጅ፣ ሮበርት ኬኔዲ ትንሹ፣ ራሳቸው እጩ ሆነው ጠባቂ ቢጠይቁ ተደጋግሞ ተከለከሉ። የተፈቀደላቸው በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ቀን በፔንሲልቫኒያ ዶናልድ ትራምፕ ጆሯቸው ላይ ከተመቱ በኋላ ነው።