ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንና የቍራጭ ወረቀት ጥበብ

ብዙ ሰው ሠዓሊ ማለት ብሩሽና ቀለም የያዘ ሰው ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀለም መግዣ ያጣ ተማሪ፥ ስጦታው ቢኖረውም እንኳ፥ ሥዕል ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ ይተወዋል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ላቀርብ እወዳለሁ። እኚህ ሰው እስክንድር ቦጎሲያን ናቸው።

እስክንድር ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። ጊዜው የጠላት ወረራ ዘመን ነበር። አባታቸው ትውልዳቸው ከአርመን ወገን የሆነ፥ በክብር ዘበኛ ያገለገሉት ኮሎኔል ኮስሮፍ ቦጎሲያን፥ እናታቸውም ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ነበሩ። ጣሊያኖች አባታቸውን ለዓመታት አስረዋቸው ስለ ነበረ እስክንድርና እኅታቸው በአጎታቸው ቤት አደጉ። ፊደልን በቄስ ትምህርት ቤት ቈጠሩ፤ ሥዕልንም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሳሉ ጀመሩ። የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥዕል ያጠኑ ከነበሩት ከፖላንዳዊው ከስታኒስላስ ቾይናትስኪም ትምህርት አገኙ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዘመኖች፥ ዕለተ ሞታቸው ሲቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። እስክንድር ገና ወጣት ሳሉ በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል የ2ኛነት ሽልማት አገኙ፤ በ1955ም መንግሥት ለትምህርት ወደ ሎንዶን ላካቸው። ሁለት ዓመት በዚያ ከተማሩ በኋላ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻግረው 9 ዓመት ያህል ተቀመጡ።

ፓሪስ ኮላዥ የሚባለው የሥዕል ዘዴ የታወቀባት ከተማ ናት። በ1912 ፒካሶና ብራክ የተባሉት ሠዓሊዎች ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት እየቈረጡ በሥዕላቸው ላይ ለጠፉ። ቃሉም ፈረንሳይኛ ሲሆን መለጠፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት፥ ጨርቅ፥ እንጨትና ብረት ከቀለም ጋራ ተዋሕደው የሥዕል ዕቃ ሆኑ።

እስክንድር በፓሪስ የፓውል ክሌንና የኩባውን ተወላጅ የዊፍሬዶ ላምን ሥራዎች አጥብቀው ተመለከቱ። ነገር ግን አዲስ ነገር አየሁ ብለው የአገራቸውን አልጣሉም። ደብተራዎቻችን የብራና ቍራጭ እየሰፉ፥ መልአክና ትልልቅ ዓይኖች እየሣሉ የሚያዘጋጁት ክታብ ከአሳባቸው አልጠፋም ነበር። ስለዚህ በሥዕሎቻቸው ውስጥ የክታቡ ዓይን፥ የአፍሪካ ተረትና የፓሪስ አዲስ ዘዴ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

በ1964 የሠሩት የጁጁ ሠርግ የተባለው ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው። ሥዕሉ የተሠራው በተቈረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ፥ ቴምፔራ በተባለ ቀለምና ብረት በሚመስል ቀለም ነው። ዛሬ የሚገኘው በኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። በዚያው ዓመት የሠሩት የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ የተባለውም በዘይት ቀለምና በኮላዥ የተሠራ ሲሆን በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ሙዚየም ይገኛል። እንግዲህ ሰው የሚጥለው ካርቶን በታላቅ ሠዓሊ እጅ ለሙዚየም በቃ ማለት ነው።

በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማሩ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ኋላ በቀርከሃ ፍልጥ ላይ በመሣል ስመ ጥር ሆነዋል። መምህሩ የተከሉት ዘር እንዲህ አፈራ።

እስክንድር በ1970 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከ1972 ጀምሮም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለ30 ዓመት ገደማ አስተማሩ። በዚያም የዛፍ ልጥና ብራና ለሥዕላቸው ይጠቀሙ ነበር። በ2001 ከሠዓሊዋ ከከበደች ተክለአብ ጋራ ሆነው በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ኔክሰስ የተባለውን ትልቅ የአሉሚኒየም ቅርጽ ሠሩ። በመጨረሻም ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በዚያው በዋሽንግተን ዐረፉ። የሚያሳዝነው ከስመ ጥሮቹ ሥራዎቻቸው ብዙዎቹ በባሕር ማዶ መገኘታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴያቸው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሚዛን ተፈሪም ሆነ ቴፒ የቡና ጆንያ፥ የደረቀ ኮባ፥ የሙዝ ልጥ፥ አሮጌ ጋዜጣ የማይገኝበት ቤት የለም። ሙጫ ከዱቄትና ከውሃ ይፈላል፤ የቡና አተላም ቡናማ ቀለም ይሰጣል። ቍራጮቹን ሳይለጥፉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማዘዋወር ያስፈልጋል፤ እርሳስ የሳተውን መፋቅ አድካሚ ሲሆን፥ ቍራጭ ግን በጣት ተገፍቶ ቦታውን ያገኛልና። ከተለጠፈም በኋላ የተቀደደው ጠርዝ ራሱ መሥመር ስለሚሆን በከሰል ወይም በእስክሪብቶ እየቀጠሉ መሣል ነው። እኔም እንዲህ ሞክሬ፥ ከአንድ የጆንያ ቅዳጅ የጫካ ቡና ጥላ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ቀለም እስኪገዛልን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። እስክንድር ቦጎሲያን ያገኙትን ሁሉ አከበሩ፤ የአባቶቻቸውን ብራናም፥ የተቀደደውን ካርቶንም አልናቁም። እኛም በእጃችን ካለው እንጀምር።