አባ አውግስጦስ ቶልተን እና ሁለቱ ትምህርት ቤቶች

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ ለምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች በዚህ እትም የአንድ ካህን ሕይወት እናቀርባለን። ከክህነቱ ይልቅ የልጅነት ትምህርቱ ጥቂት ያቆየናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አውግስጦስ ቶልተን በ1854 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ በባርነት ከነበሩ ካቶሊካውያን ወላጆች ተወለደ። ጌቶቹም ካቶሊካውያን ነበሩ። እመቤቲቱ የክርስትና እናቱ ሆነች፤ ሕፃኑ ግን ባሪያዋ እንደ ሆነ ቀረ። ሁለቱን በአንድ ልብ እንዴት እንዳስማማቻቸው መረዳት ያዳግተናል። አባቱ በእርስ በርሱ ጦርነት ከሰሜኑ ሠራዊት ጋር ለመሰለፍ ኰብልሎ ሞተ። እናቱ ማርታ በ1862 ዓ.ም. ልጆቿን ይዛ የሚሲሲፒን ወንዝ በመሻገር በኢሊኖይ ግዛት በኩዊንሲ ከተማ ተጠጋች፤ በትንባሆ ፋብሪካም ሥራ አገኙ።

ልጁ በመጀመሪያ የገባበት የቁምስና ትምህርት ቤት በደስታ የተቀበለው ይመስል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ አፌዙበት፤ ጥቁር ልጅ ከልጆቻችን ጋር አይቀመጥም ያሉ ምእመናንም በቆሞሱና በመምህራኑ ደናግል ላይ ዛቱ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ትምህርቱን ተወ። በሩን የከፈቱለት እነርሱ ነበሩና መምህራኑን ክፉዎች አንላቸውም። ይሁን እንጂ ዛቻው ሲበረታ የወጣው እርሱ ነው፤ ያፌዙበት ልጆች በየመቀመጫቸው ቀሩ። የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ በክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ያያችሁ ይህ ታሪክ ሩቅ አይሆንባችሁም።

በዚያው ከተማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቁምስና ቆሞስ የነበሩት አየርላንዳዊው አባ ፒተር ማክገር ልጁን በራሳቸው ትምህርት ቤት አስገቡት። በዚህም ያጕረመረሙ ምእመናን ነበሩ፤ አባ ማክገር ግን አልተመለሱም። ልጁ ፋብሪካው በሚዘጋበት የክረምት ወራት እየተማረ አደገ፤ የክህነት ጥሪም በልቡ በቀለ።

ነገር ግን በአሜሪካ እርሱን የሚቀበል ዘርአ ክህነት ጠፋ። ካህናት ለብቻው አስተማሩት፤ ፍራንቼስካውያንም ረዱት። በ1880 ዓ.ም. ወደ ሮም ሄዶ በፕሮፓጋንዳ ፊዴ ኮሌጅ ገባ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1886 ዓ.ም. በቅዱስ ዮሐንስ ላተራን ባዚሊካ ማዕርገ ክህነት ተቀበለ።

አባ ቶልተን ወደ አፍሪካ እንደሚላኩ ሲጠብቁ ወደ ኩዊንሲ እንዲመለሱ ታዘዙ። በዚያም ነጮች ምእመናን ወደ ቅዳሴያቸው መምጣታቸው አንድ ጎረቤት ካህንን አስቈጣ። ከልጅነታቸው የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ከወንድም ካህን መምጣቱ ግን ሳይከብዳቸው አልቀረም። በ1889 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ተሻግረው የቅድስት ሞኒካን ቁምስና መሠረቱ። ሐምሌ 9 ቀን 1897 ዓ.ም. በብርቱ ሙቀት ተመትተው በ43 ዓመታቸው ዐረፉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2019 ዓ.ም. ክቡር ብለው ሰይመዋቸዋል።

አስከሬናቸው ከቺካጎ ወደ ኩዊንሲ ተወስዶ በቅዱስ ጴጥሮስ መካነ መቃብር ዐርፏል፤ ይህም በልጅነታቸው የተቀበላቸው የዚያ ቁምስና መቃብር ነው።