አል-ሐጅ ማሊክ ሸባዝ (ማልኮም ኤክስ)፦ ጆሮ ጠቢዎች እስከ መጨረሻው እስትንፋሱ የተከተሉት ሰው

ኖቬምበር 18 ቀን 2021 በኒው ዮርክ ማንሃተን በሚገኝ ፍርድ ቤት አንድ የ83 ዓመት ሙስሊም አዛውንት ከዳኛ ፊት ቀረቡ። ስማቸው ሙሐመድ ዐዚዝ ነው። ማልኮም ኤክስን ገድለዋል ተብለው 20 ዓመት ገደማ በእስር ያሳለፉ ሰው ናቸው። በዚያን ቀን ፍርዱ ተሰረዘ። አብረዋቸው የተፈረደባቸው ኸሊል ኢስላምም ከወንጀሉ ነጻ ተባሉ፤ እርሳቸው ግን ይህን ሳይሰሙ በ2009 ወደ አኼራ ሄደዋል።

የሁለት ሙስሊሞች ስም ባልሠሩት ወንጀል ለ55 ዓመት በነፍሰ ገዳይነት ተመዝግቦ ቆየ። ንጽሕናቸውን ሊያሳይ የሚችል ሰነድ በዚያ ሁሉ ዘመን በመንግሥት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ለመረዳት የሟቹን ሕይወት ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱ

ማልኮም ሊትል ሜይ 19 ቀን 1925 በኔብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪና የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ አባል ነበር። እናቱ ሉዊዝ ከካሪቢያኗ ደሴት ከግሬናዳ የመጣች ናት። ጥቁሮች ራሳቸውን ችለው እንዲቆሙ የሚያስተምር አባት በዚያ ዘመን አሜሪካ የሰላም ኑሮ አይኖረውም። ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ ሚሺጋን ውስጥ ላንሲንግ ሲሰፍር፣ በ1929 ቤታቸው በእሳት ነደደ። በ1931 ደግሞ ኧርል ሊትል የከተማ ባቡር ሐዲድ ላይ ተጎድቶ ሞተ። ባለሥልጣናት አደጋ ነው አሉ፤ ቤተሰቡ ግን የነጭ ዘረኞች እጅ እንዳለበት ያምን ነበር። ማልኮም ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር።

ሉዊዝ ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ታገለች። ድህነቱና የመንግሥት ሠራተኞች ጣልቃ ገብነት ተደማምረው አእምሮዋን ጎዱት፤ በ1939 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብታ ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ቆየች። ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ። ማልኮም በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። ጠበቃ የመሆን ምኞቱን ለመምህሩ ሲነግር ግን ለጥቁር የማይሆን ሐሳብ ነው ተብሎ አናጺነት ተመከረ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ተወው። ቦስተን ወደምትኖረው ግማሽ እህቱ ኤላ ሄደ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ሃርለም በቁማር፣ በዕፅ ንግድና በሌብነት ውስጥ ገባ። በ1946 በቤት ሰርሳሪነት ከ8 እስከ 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዕድሜው 20 ነበር።

እስር ቤትና ኔሽን ኦፍ ኢስላም

እስር ቤት ብዙዎችን ያበላሻል፤ ማልኮምን ግን ቀየረው። የቃላት መፍቻ መጽሐፍ ከፊደል ሀሁ ጀምሮ በእጁ እየገለበጠ ራሱን አስተማረ። መብራት ከጠፋ በኋላ ከኮሪደሩ በሚገባ ጭላንጭል ታሪክና ፍልስፍና ያነብ ነበር። ወንድሞቹና እህቶቹ ስለ ኤላይጃ መሐመድና ስለ ኔሽን ኦፍ ኢስላም የጻፉለት በዚያን ጊዜ ነው። የአሳማ ሥጋ፣ ሲጋራና ዕፅ ተወ። በኦገስት 1952 ሲፈታ ሊትል የሚለውን ስም ባሪያ አሳዳሪዎች ለአያቶቹ የሰጡት ነው ብሎ ጣለው፤ በምትኩ ለማይታወቀው አፍሪካዊ የዘር ስሙ ምልክት ኤክስ የሚለውን ፊደል ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ኔሽን ኦፍ ኢስላም የኢስላምን ስም ይያዝ እንጂ እምነቱ ከተውሒድ የራቀ ነበር። መሥራቹን ፋርድ መሐመድን በሥጋ የተገለጠ አምላክ፣ ኤላይጃን መልእክተኛ፣ ነጮችን በሙሉ ሰይጣን ያደርጋል። ነብያት በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተደምድመዋል ብሎ የሚያምን ሙስሊም ይህን ሊቀበል አይችልም። ሆኖም ድርጅቱ ከመጠጥ፣ ከዕፅና ከወንጀል ያወጣቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። ማልኮም ለእነርሱ አንደበት ሆነ። በ1954 የሃርለም ሰባተኛው ቤተ ጸሎት ኃላፊ ተደረገ፤ ድርጅቱም በእርሱ ቅስቀሳ በፍጥነት አደገ።

መዝገቡ ይከፈታል

የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በማልኮም ላይ መዝገብ የከፈተው ገና እስር ቤት ሳለ ነበር። በ1950 የኮሪያን ጦርነት በመቃወም ለፕሬዚዳንት ትሩማን የጻፈው ደብዳቤ ለዚህ መነሻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ የሚሄድበት፣ የሚናገረውና የሚያገኘው ሰው ሁሉ ይመዘገብ ነበር። የተከማቸው ወረቀት በሺዎች ገጾች ይቆጠራል። የኒው ዮርክ ፖሊስም የራሱን ሰላዮች አሰማራ።

የፖሊስን ዓይን በተለይ የሳበው የኤፕሪል 1957 ክስተት ነው። ጆንሰን ሂንተን የተባለ የድርጅቱ አባል ሃርለም ውስጥ በፖሊስ ክፉኛ ተደብድቦ ታሰረ። ማልኮም ሙስሊሞችን በሥርዓት አሰልፎ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ቆመ፤ ሕዝቡም ከኋላ ተሰበሰበ። ተጎጂው ሆስፒታል እስኪወሰድ ድረስ ማንም አልተነቃነቀም። ማልኮም ጉዳዩ እንደተፈጸመ አይቶ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ያ ሁሉ ሰው ያለ አንድ ኮሽታ ተበተነ። አንድም ድንጋይ አልተወረወረም፤ ፖሊሶቹን ያሳሰባቸው ግን ይኸው ጸጥታ ነበር። አንድ ሰው ይህን ያህል መታዘዝ ካገኘ አደገኛ ነው ብለው አሰቡ።

ስለላው በማልኮም ብቻ አልቆመም። የኤፍቢአይ አለቃ ኤድጋር ሁቨር የሰላማዊ ትግል መሪ የነበረውን ማርቲን ሉተር ኪንግንም ያሳድድ ነበር፤ በ1963 ስልኩ እንዲጠለፍ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ፈቅዷል። የሁለቱ ሰዎች መንገድ የተለያየ ነበር። በአካል የተገናኙትም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማርች 1964 በዋሽንግተን የምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በቢሮው ዓይን ግን ሁለቱም ጠላቶች ነበሩ።

መለያየት

በ1963 ማልኮም መምህሩ ኤላይጃ ከጸሐፊዎቹ ከጋብቻ ውጭ ልጆች መውለዱን አረጋገጠ። ለሥነ ምግባር ብሎ ሕይወቱን የቀየረ ሰው ነበርና ልቡ ተሰበረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ መገደል ላይ በሰጠው አስተያየት ምክንያት ለ90 ቀናት እንዳይናገር ታገደ።

በእገዳው ወቅት፣ በፌብሩዋሪ 1964፣ ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ቤቱ መጡ። ቂም ይዟል፣ ገንዘብም ያስፈልገዋል ብለው ገምተው ስለ ድርጅቱ መረጃ እንዲያቀብላቸው አግባቡት። ማልኮም አስቀድሞ የድምፅ መቅጃ ከሶፋው ሥር ደብቆ ስለነበር ሰላዮቹን ራሱ ቀዳቸው። ጥያቄያቸውንም አልተቀበለም። የከዱት ሰዎች ላይ እንኳ ጆሮ ጠቢ ለመሆን እንዳልፈቀደ ያ ቅጂ ምስክር ነው።

በማርች ወር ከኔሽን ኦፍ ኢስላም መውጣቱን አሳወቀ።

ሐጅ

በኤፕሪል 1964 በእህቱ በኤላ የገንዘብ እርዳታ ለሐጅ ጉዞ ተነሣ። ጅዳ አየር ማረፊያ ሲደርስ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ፣ ዐረብኛ የማያውቅ ሰው በመሆኑ ሙስሊምነቱ እስኪጣራ እንዲቆይ ተደረገ። ለ12 ዓመት ያህል በኢስላም ስም ሲሰብክ የኖረው ሰው ሶላትን በአግባቡ መስገድ እንደማይችል ያወቀው በዚያ ሆኖ ነው። ቁጭ ብድግ ለማለት እግሩ አልታዘዝለት አለ፤ ሌሎች ሑጃጆችን እያየ እንደ ሕፃን ተማረ። ይህን ሳያፍር በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ተርኮታል።

ከዚያም የዐብዱረሕማን ዐዛም ቤተሰብ ተቀበለው፤ የክፍላቸውንም አልጋ ለቀቁለት። ልዑል ፈይሰል የመንግሥት እንግዳ አደረገው። ማልኮም በከዕባ ዙሪያ ጠዋፍ አደረገ፣ በዐረፋ ቆመ፤ ከነጭ ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ማዕድ በላ፣ በአንድ ሰማይ ሥር ተኛ። ዕድሜውን ሙሉ የተማረው የዘር ጥላቻ ትምህርት በዚያ ፈረሰ። ለወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ነጮች ያስተምር የነበረውን እንዲያሻሽል መገደዱን በግልጽ አመነ። በአደባባይ የሚታወቅ ሰው ተሳስቼ ነበር ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አንባቢ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ስሙ አል-ሐጅ ማሊክ አል-ሸባዝ ሆነ።

ዘረኝነትን መታገሉን ግን አልተወም። ትግሉን ከአሜሪካ የሲቪል መብት ጥያቄነት ወደ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ጉዳይነት ሊያሻግረው ፈለገ። በጁላይ 1964 ካይሮ በተካሄደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ተገኝቶ፣ የአሜሪካ ጥቁሮች በደል በተባበሩት መንግሥታት ፊት እንዲቀርብ የአፍሪካ መሪዎችን ጠየቀ። በዚያው ዓመት ባደረገው ረጅም የአፍሪካ ጉዞ ድርጅቱ ወደተመሠረተባት አዲስ አበባም መጥቶ ነበር። ይህ እንቅስቃሴው የዋሽንግተን ባለሥልጣናትን አሳሰባቸው። ሁቨርም በጁን ወር በማልኮም ላይ አንድ ነገር እንዲደረግ ለኒው ዮርክ ቢሮው አጭር ቴሌግራም ልኮ ነበር። የቤት ስልኩም ተጠለፈ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1965 ሌሊት ቤቱ ላይ ተቀጣጣይ ጠርሙስ ተወረወረ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ቤቲና አራት ሴት ልጆቹ በአላህ ጥበቃ ተረፉ። ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 21፣ በኦዱቦን አዳራሽ ንግግር ሊጀምር ሰላምታ እንዳቀረበ በታዳሚው መካከል ሆን ተብሎ ሁከት ተነሣ። ወዲያው ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱበት። ቤቲና ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ዕድሜው 39 ነበር።

ወድቆ ሳለ ትንፋሹን ሊመልስለት አፍ ለአፍ እየተነፈሰ የታገለው ጂን ሮበርትስ የሚባል ጠባቂው ነው። ይህ ሰው የኒው ዮርክ ፖሊስ ወደ ማልኮም ድርጅት ያስገባው ሰላይ መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነበር። የቅርብ ጠባቂው ሳይቀር የፖሊስ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል ቀርቦ የሚያይ መንግሥት ግድያውን አላስቆመም።

ሱዳናዊው ሼኽ አሕመድ ሐሱን ጀናዛውን በኢስላም ሥርዓት አጥበው ከፈኑት። በመቃብሩ ላይ ወዳጆቹ አካፋውን ከቀባሪዎቹ ተቀብለው አፈሩን ራሳቸው መለሱ። ቤቲ የመጨረሻዎቹን መንትያ ሴት ልጆች የወለደችው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው።

ከተዘጋው ሣጥን

በቦታው የተያዘው ታልማጅ ሄየር በ1966 በችሎት ጥፋቱን አምኖ፣ አብረውት የተከሰሱት ሁለቱ እንደሌሉበት ተናገረ። ሰሚ አላገኘም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የእውነተኛ ግብረ አበሮቹን ማንነት በመሐላ ጽፎ ሰጠ፤ ያም ወደ ጎን ተደረገ። ዐዚዝ በ1985፣ ኸሊል በ1987 ከእስር ቢወጡም ስማቸው አልጠራም። የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለ22 ወራት ጉዳዩን እንደገና ከመረመረ በኋላ ነው ኤፍቢአይና የኒው ዮርክ ፖሊስ ወሳኝ ማስረጃ መደበቃቸው የተረጋገጠው። በ2022 ከተማውና ግዛቱ በድምሩ 36 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማሙ። የማልኮም ልጆችም በኖቬምበር 2024 በኤፍቢአይ፣ በሲአይኤና በፖሊሱ ላይ ክስ መሥርተዋል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ያው የኒው ዮርክ ፖሊስ በመስጂዶች፣ በሙስሊም ሱቆችና በተማሪ ማኅበራት ላይ ሰላይ ማሰማራቱን በ2011 ጋዜጠኞች አጋልጠዋል። የዚህ ሥራ ክፍል አንድም የሽብር ምርመራ የሚያስጀምር ፍንጭ አለማስገኘቱን አንድ የፖሊሱ ከፍተኛ ኃላፊ በመሐላ ቃላቸው አምነዋል። ክፍሉም በ2014 ተዘጋ። በመስጂድ አጠገቡ የሚሰግደው ወንድሙ ማን እንደሆነ መጠራጠር የጀመረ ጀመዓ ግን ጉዳቱ በቀላሉ አይጠገንም።

ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለልን ትከለክላለች። ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዛለች፤ በአላህ ዘንድ ክብር በዘር ሳይሆን በተቅዋ መሆኑንም ታስተምራለች። የማልኮም ታሪክ ሦስቱንም ይዟል። በዘር የተዋረደው ሰው ዘርን የማይለይ ወንድማማችነት በመካ አገኘ፤ ዕድሜውን ሙሉ ተሰለለ፤ ያልተጣራ ወሬም የሁለት ንጹሐንን ዘመን በላ። ኤላይጃ መሐመድ በ1975 ሲሞት ልጁ ዋሪስ ዲን ሙሐመድ አብዛኛውን ተከታይ ወደ ሱንና መንገድ መለሰ፤ ለጊዜው ራሳቸውን በሐበሻው ሶሓባ በቢላል ስም ቢላላውያን ብለው ጠሩ። ማልኮም ብቻውን ተነጥሎ በጀመረው መንገድ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ ብዙ ሺዎች ተጓዙ። ያገለግልበት የነበረው የሃርለም ቤተ ጸሎትም ዛሬ በስሙ የሚጠራ መስጂድ ነው።

አላህ ይዘንለት፤ ለተበደሉት ሁሉ ፍትሕን ይስጣቸው። አሚን።